የካልጋሪ ፈንጣጣና «ማን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ

ፈንጣጣም ሆነ ኩፍኝ በእግሩ አይሄድም፤ ሰው ተሸክሞት ይጓዛል። የሕፃናት ገላ ላይ ሽፍታ በወጣ ቁጥር ከተማ ሁሉ አስቀድሞ «ማን አመጣው?» ብሎ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። የካናዳዋ ከተማ የካልጋሪ ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ይህ ጥያቄ በትክክል ቢመለስ እንኳ አንድ ልጅ አያድንም። የሚያድነው ጥያቄ «በሽታው ሲደርስ ሳይከተብ ያገኘው ማንን ነው?» የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን 1892 መጨረሻ ከቫንኩቨር የተመለሰ አንድ ቻይናዊ የላውንደሪ ሠራተኛ ካልጋሪ ውስጥ በፈንጣጣ ታመመ። ባለሥልጣናቱ ላውንደሪውን ከነዕቃው አቃጥለው አብረውት የነበሩትን ለይተው አቆዩ። ያም ሆኖ በሽታው ዘጠኝ ሰው ይዞ ሦስቱን ገደለ። ኦገስት 2 ቀን አራት ቻይናውያን ከለይቶ ማቆያ ሲለቀቁ ከ300 በላይ ወንዶች ተሰባስበው ወደ ቻይናውያን ላውንደሪዎች ዘመቱ፤ በርና መስኮት ሰባበሩ። ሕዝቡን የበተነው የሰሜን ምዕራብ ፈረሰኛ ፖሊስ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለሳምንታት ቻይናውያኑን ሲጠብቅ ቆየ። ልብ በሉ፤ ቁጣው ያነጣጠረባቸው አራቱ ሰዎች የመለያ ጊዜያቸውን ጨርሰው የወጡ ነበሩ፤ በዚያች ቀን ከተማው ውስጥ እንደ እነሱ የማያሰጋ ሰው አልነበረም። ፈንጣጣ እንዲዛመት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ደግሞ 300 ሰው በአንድ መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ከማጋፋት የተሻለ ዘዴ አያገኝም ነበር።

«በሽታው እኮ በእርግጥም በዚያ ሠራተኛ ነው የገባው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ በጋ ቪክቶሪያም ቫንኩቨርም በፈንጣጣ ተይዘው ነበር፤ ባቡሩ ካልጋሪ ከደረሰ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ሕመሙም ምልክት ሳያሳይ ሁለት ሳምንት ያህል ሰውነት ውስጥ ይደበቃል። ከቫንኩቨር የተሳፈረ ማንኛውም መንገደኛ፣ ነጋዴም ይሁን ቄስ፣ ይዞት ሊወርድ ይችል ነበር። ደግሞስ «ማን አመጣው?» ከተባለ ምርመራው ከ1892 ለምን ይጀምራል? ፖሊሶቹ በ1875 ቦው ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ካልጋሪ ባለችበት ቦታ፣ ምሽጋቸውን ከመሥራታቸው በፊት የአገሩ ባለቤቶች ብላክፉቶች በ1837 እና በ1869–70 በፈንጣጣ አልቀዋል፤ የ1837ቱን ሚዙሪ ወንዝን ሽቅብ ይዞ የወጣው የነጭ ነጋዴዎች መርከብ ነው። በዚህ ሚዛን መስኮታቸው መሰበር የነበረበት ሌሎች ናቸው።

«ዘመኑ ነው፤ አያውቁም ነበር» የሚለው መከላከያም አያስኬድም። ሐኪሙ ጄነር የፈንጣጣን ክትባት ካሳየ በ1892 ዘጠና ስድስት ዓመት ሆኖታል። በእኛም አገር ከታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን መክተብ የቆየ ልማድ ነበር፤ ይህ ዘዴ ራሱ አንዳንዴ ፈንጣጣውን ያዛምት ስለነበር ላወድሰው አልፈልግም፤ ነገር ግን ሰው ከሕመሙ በፊት ሰውነቱን ማዘጋጀት እንደሚችል ያውቅ እንደነበር ይመሰክራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፈንጣጣ በ1976 የተቋረጠውም ያመጣው ሰው ስለተቀጣ ሳይሆን ከታቾች ሕመምተኛውን መንደር ለመንደር ፈልገው በዙሪያው ያለውን ሁሉ ስለከተቡ ነው።

ዛሬ የፈንጣጣን ቦታ ኩፍኝ ይዟል። ካናዳ በ1998 ኩፍኝን አስወግዳለች ተብሎ ነበር። በ2024 መገባደጃ ኒው ብረንዝዊክ ውስጥ ከአንድ ሠርግ የተነሣው ወረርሽኝ ግን አገሩን አዳረሰ፤ በ2025 ካልጋሪ የምትገኝበት ክፍለ ሀገር አልበርታ ብቻዋን ከ1,900 በላይ ታማሚ መዘገበች፤ በኖቬምበር 2025 ካናዳ ያንን ዕውቅና ተነጠቀች። እሳቱ ከውጭ መጣ፤ የነደደው ግን እዚያው የተከመረው ደረቅ ሣር ነው፤ ከታመሙት አብዛኞቹ ያልተከተቡ ነበሩና።

ካልጋሪ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ክርክር አንድ ተግባራዊ ጉዳይ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 እና በ15 ወር ነው፤ አልበርታ ውስጥ ደግሞ በ12 እና በ18 ወር። ካናዳ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው የተወጋውን ከሁለቱ እንደ አንዱ አትቆጥርም። ስለዚህ ከአገር ቤት ሁለቱንም ጨርሶ የመጣ ልጅ እዚህ አንድ ሊቀረው ይችላል። የክትባት ካርዱን ፈልጉና 811 ደውላችሁ ጠይቁ።