የካርቱም ጊንጦችና «ጃዝ፣ ጃዝ፣ ጃዝ»

ሱዳናውያን «ጃዝ» ሲሉ አሜሪካውያን የሚሉትን ማለታቸው አይደለም። ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ የሚያሸጋግር ተርጓሚ አንባቢውን ያሳስታል። በካርቱምና በኦምዱርማን «ጃዝ» የሚባለው ዑድና ቫዮሊን ይመሩት በነበረው የዘፈን ወግ ላይ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ሳክስፎንና ድራም ይዞ የመጣው የወጣቶች ሙዚቃ ነው። ከሮክ ኤንድ ሮል ብዙ ቢቀዳም ዜማው ከአምስቱ ድምፆች አልወጣም፤ የእኛም ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸውና ለአበሻ ጆሮ ባዕድ አይሆንም። የዚህ ስልት ፈር ቀዳጅ «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» የሚባሉት ሸርሐቢል አሕመድ ናቸው።

በእርሳቸው ፈለግ ከተነሡት ባንዶች አንዱ «አል ዐቃሪብ»፣ በእኛ አነጋገር «ጊንጦቹ» ነው። ከጀርመኑ የሮክ ባንድ ጋር ስመ ሞክሼ ይሁን እንጂ መንገዳቸው ለየቅል ነው። በ1960ዎቹ ካርቱም ውስጥ የተመሠረተው ይህ ባንድ በ1980 ከድምፃዊው ሰይፍ አቡበከር ጋር «ጃዝ፣ ጃዝ፣ ጃዝ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። ሥራው የጀማሪ ሙከራ ሳይሆን ብዙ ዓመት አብረው የተጫወቱ ሰዎች የደረሱበት ብስለት ነው፤ የፈንክ ምት፣ የሮክ ጊታርና የሱዳን ዜማ ተዋህደውበታል። አሳታሚው ግን የካርቱም ሳይሆን የኩዌት ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ኋላ ላይ ትልቅ ትርጉም አገኘ።

አልበሙ የወጣው የካርቱም የሌሊት ሕይወት ሊዳፈን ሲቃረብ ነውና። በሴፕቴምበር 1983 ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓን ሕግ አወጁ፤ መጠጥ ተከለከለ፣ የምሽት ክበባትም ደበዘዙ። በጁን 1989 በመፈንቅለ መንግሥት የመጣው የዑመር አል በሽር አገዛዝ ጫናውን አበረታው፤ እንደ መሐመድ ወርዲ ያሉ ታላላቅ ድምፃውያን ተሰደዱ። ወርዲ በ1994 ለሕዝብ የዘፈኑት አዲስ አበባ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ድምፃዊው ኾጃሊ ዑስማን ኦምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ማኅበር ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር «ቼ በለው»ን በ1977 ሲያወጣ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ሥር ነበረች፤ ሂልተን የገባ ታዳሚ ሳይነጋ አይወጣም ነበር። ሁለቱም አልበሞች ለረጅም ጊዜ በሰብሳቢዎች እጅ ብቻ ከቆዩ በኋላ በባዕድ አገር አሳታሚዎች ዳግም ታተሙ፤ «ጃዝ፣ ጃዝ፣ ጃዝ»ን በ2018 ያሳተመው በርሊን የሚገኘው «ሐቢቢ ፈንክ» ነው።

በኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከ1940 ጀምሮ የሱዳንን ድምፅ ሲያሰማ የኖረው የኦምዱርማን ራዲዮ ግቢ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ፤ ሠራዊቱ መልሶ እስኪይዘው ድረስም ወደ አንድ ዓመት ገደማ አለፈ። የዘመናት የድምፅ ክምችት በተኩስ መካከል ከረመ። ነዋሪው፣ ከመካከሉም ብዙ አበሻ፣ በየአቅጣጫው ተበተነ።

እንግዲህ ሙዚቃ በየሠርጉና በየክበቡ ሲኖር ሕያው ነው፤ ሌሊቱ ሲከለከል ግን አብሮ ይጠፋል። ተቀድቶ ከአንድ ቦታ በላይ የተቀመጠው ብቻ ይተርፋል። የጊንጦቹ አልበም በኩዌት መታተሙ ያን ጊዜ የገበያ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ ግን ካርቱም እንዲህም ትዘፍን እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ሆኗል። በየቤታችን አሮጌ ካሴትና ሸክላ ያለን ሰዎችም ይህንን ልብ ልንል ይገባል።