«ነጻ» እና «ገለልተኛ»፦ የምርጫ አስፈጻሚው አካል በቃላት ታሪክ

ስለ ምርጫ ቦርድ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ቃላት እየተፈራረቁ ይሰማሉ፤ «ነጻ» እና «ገለልተኛ»። ብዙ ጸሐፊዎች አንዱን በሌላው ምትክ ያገባሉ፤ አንዳንዶችም ሁለቱን አጣምረው ለአንድ አሳብ ማጠናከሪያ ያደርጓቸዋል። ይህ ጽሑፍ የምርጫ አስፈጻሚው አካል በአገራችን ያለፈበትን ታሪክ በአጭሩ በመከተል፣ ቃላቱ የተለያየ ነገር እንደሚያመለክቱና መቀላቀላቸውም ከቋንቋ ያለፈ ጉዳት እንዳለው ለማሳየት ይሞክራል።

አስቀድሞ ከ«መረጠ» እና ከ«ሾመ» መነሣት ይገባል። «መረጠ» የአማርኛ ግስ ነው፤ በግእዝ ለዚሁ አሳብ የሚያገለግለው «ኀረየ» ሲሆን፣ «ኅሩይ» የሚለው ስም ከዚያ የወጣ ነው። ምርጫ ከብዙ መካከል መለየት ነው፤ ሹመት ደግሞ ከበላይ የሚሰጥ ሥልጣን ነው። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ሁለቱ ተጠላልፈው ይገኛሉ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ ተደነገገ። መራጩ ራሱ ተሿሚ ስለ ነበረ ምርጫው የሹመት ቅጥያ ሆነ፤ ከመንግሥት ተለይቶ የሚቆም አስፈጻሚ አካልም የሚያሻ አልነበረም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያ ምክር ቤቱን አባላት የመምረጥ መብት ለሕዝብ ሰጠ፤ በዚሁ መሠረት የመጀመሪያው ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ተካሄደ። ቀድሞ የንጉሥ ወኪል ይጠራበት የነበረው «እንደራሴ» የሚለው ቃል የሕዝብ ወኪል መጠሪያ ሆኖ ተስፋፋ። ቃሉ ባለቤቱን ለወጠ፤ የምርጫው አስፈጻሚ ግን አልለወጠም። ምዝገባውና ቆጠራው በመንግሥት ሹማምንት እጅ ቆየ። የፖለቲካ ፓርቲዎች ስላልነበሩም የአስፈጻሚው ወገንተኝነት ጥያቄ ዛሬ በሚነሣበት መልክ አልተነሣም።

ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ለነበረው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ፣ በሕግ የታወቀው ፓርቲ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ብቻ ነበር። መራጩ ከአንድ በላይ እጩ ቢቀርብለትም እጩዎቹ የሚታጩበት መንገድ በፓርቲው የተከለለ ነበር። በተቀናቃኝ ወገኖች መካከል የሚዳኝ አካል ሊኖር የሚችለው ተቀናቃኝ ወገኖች ሲኖሩ ነውና፣ «ገለልተኛ» የሚለው ቃል በዚህ ዘመን ለምርጫ አስፈጻሚ ሥራ አልነበረውም።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የተካሄደውን የክልል ምርጫ የመራው ኮሚሽን ነበር፤ በማግስቱ ዓመት በወጣ አዋጅ ቦርድ ተተካ። «ኮሚሽን» አደራ የተሰጠው አካል ማለት ስለ ሆነ አደራ ሰጪውን ያስታውሳል። «ቦርድ» በእንግሊዝኛ መነሻው ሳንቃ፣ ኋላም ገበታ ነው፤ ዙሪያውን የሚቀመጡትን እንጂ ያስቀመጣቸውን አይነግረንም። ይሁን እንጂ የስም ለውጥ ብቻውን ነጻነት አያስገኝም።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 102 ሁለቱንም አሳቦች አስገብቷል፤ ቦርዱ ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ምርጫን በገለልተኝነት እንዲያካሂድ ይደነግጋል። ቀጥሎም አባላቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚሾሙ ይገልጻል። በመጀመሪያው ድንጋጌ ግሱ «ይቋቋማል» ስለሚል አድራጊው ተሰውሮአል፤ በሁለተኛው ግን አቅራቢውና ሿሚው በግልጽ ይታያሉ። የነጻነት ጥያቄ የሚጀምረውም ከእነዚህ ግሶች ባለቤት ነው፤ ማን ይመለምላል? ማን ያቀርባል? ማን ይሾማል? ማንስ ይሽራል?

የሁለቱ ቃላት አገባብ ራሱ ልዩነታቸውን ይመሰክራል። «ነጻ» ከግእዙ «ነጽሐ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ አሳቡ የሚሟላው በ«ከ» ነው፤ ከዕዳ ነጻ፣ ከክስ ነጻ፣ ከተጽዕኖ ነጻ። «ገለልተኛ» «ገለል አለ» ከሚለው የወጣ ነው፤ አሳቡም የሚሟላው በ«መካከል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በቤልግሬድ የተሰበሰቡት አገሮች «ገለልተኛ» የተባሉት በሁለት ጎራዎች መካከል ስለ ቆሙ ነው። እንግዲህ ነጻነት አስፈጻሚውን ከመንግሥት ጋር ያለውን ግንኙነት ይመለከታል፤ ገለልተኝነት ደግሞ በተወዳዳሪዎች መካከል ያለውን ጠባይ።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወቅት የቦርዱ ሰብሳቢ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ቦርዱን የሚከስ ወገን በዳኝነቱ መዋቅር ጫፍ ላይ ያንኑ ሰው ያገኝ ነበር። ሰውየው ምንም ያህል ባያዳሉ የመዋቅሩ ችግር በዚያው ይቆያል። በ2011 ዓ.ም. ሰብሳቢ ሆነው የተሾሙት ብርቱካን ሚደቅሳ ቀድሞ ዳኛ፣ ኋላም የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ነበሩ፤ በእርሳቸው ላይ ሊነሣ የሚችለው ጥያቄ በተገላቢጦሽ የገለልተኝነት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1133 የአባላቱን ቁጥር ከ9 ወደ 5 አውርዶ ሙሉ ጊዜ ሠራተኞች አደረጋቸው፤ መልማይ ኮሚቴም አቋቋመ። «መለመለ» መነሻው ቅርንጫፍን ማራገፍ ነው። የሚያራግፈው እጅ ከሚሾመው እጅ መለየቱ ለነጻነት የሚበጅ እርምጃ ነበር፤ ለገለልተኝነት ግን ከአባላቱ ሥነ ምግባር ሌላ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ሁለቱ ቃላት ለተቋም ሲነገሩ እንደሚከተለው እንዲለዩ አሳብ ቀርቧል።

ነጻ፦ የሚሾመው፣ በጀት የሚመድብለት ወይም የሚሽረው አካል በውሳኔው እንዳይገባበት በሕግ የታጠረለት።

ገለልተኛ፦ በተወዳዳሪ ወገኖች መካከል ለአንዱም ሳያደላ የሚሠራ።

ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ፣ በመንግሥት እጅ ያለ አካል «ገለልተኛ ነኝ» በማለቱ ብቻ ነጻ ተብሎ ይታለፋል፤ ነጻነቱ በሕግ የተረጋገጠለትም አድልዎ ሲፈጽም የሚጠየቅበት ቃል ይጠፋል። ዜጋ የሚጠይቀውን ነገር በትክክለኛ ስሙ መጥራት እንዲችል ማድረግ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ድርሻ ነው።