እርምጃዋን ያልተራመደው ቡጢኛ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1967፣ ሂውስተን ቴክሳስ ውስጥ ምልምሎች ተሰልፈው ቆመዋል። ስሙ የተጠራ አንድ እርምጃ ወደፊት ከተራመደ ወታደር ሆነ ማለት ነው። «ካሲየስ ክሌይ!» ተባለ፤ ያውም በተወው ስሙ። የ25 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሙሐመድ ዐሊ ንቅንቅ አላለም። ቬትናም መዝመትን እምነቴ አይፈቅድልኝም ብሏል።

በዚያው ቀን የኒውዮርክ ቦክስ ኮሚሽን ፈቃዱን አገደ። በጁን ወር 5 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። ይግባኝ ብሎ በዋስ ስለቆየ አልታሰረም፤ ግን ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ አልተጋጠመም። ለቡጢኛ ከ25 እስከ 28 ያለው ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ ስፖርቱን የሚከታተል ያውቀዋል።

ጁን 28 ቀን 1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ፍርዱን ሻረለት። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ግን በጆ ፍሬዘር የመጀመሪያ ሽንፈቱን ቀምሶ ነበር።