ፈቃድ የማይጠየቅበት ዕረፍት፦ ከአዲስ አበባ እስከ ዳላስ

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፍ ወጣ። ሙስሊም ኢትዮጵያውያን ከክርስቲያን ደጋፊዎቻቸው ጋር ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻቸው ሥራ የሚዘጋባቸው ብሔራዊ በዓላት እንዲሆኑ ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐና መውሊድ በብሔራዊ በዓላት ዝርዝር ውስጥ ገቡ።

ሰልፈኞቹ የጠየቁት ለየግላቸው የዕረፍት ቀን አልነበረም፤ የአገሪቱ የቀን መቁጠሪያ እነርሱንም እንዲያውቃቸው ነው። በታሪካችን ዕረፍት የጋራ ነገር ነበርና። በደጋው ገበሬ ዘንድ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ቀን ሞፈር አይነካም፤ ምክንያት የሚጠየቀው ያረፈው ሳይሆን ያረሰው ነው። የግል ዕረፍት ከቢሮና ከፋብሪካ ጋር የመጣ እንግዳ ሲሆን ስሙም «የዓመት ፈቃድ» ተባለ፤ ሰጪና ለማኝ ያለው ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ያም ሆኖ ሕግ ደገፈው፦ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. ከ1980ው የስደተኞች ሕግና ከ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ በዳላስ፣ በጋርላንድና በአካባቢው የሰፈረው ወገናችን ሁለቱንም ድጋፎች አጣ። የ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሕግ ዝቅተኛ ደመወዝንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ሲደነግግ ስለሚከፈልበት ዕረፍት ዝም አለ፤ ቴክሳስም እንዲሁ። የዳላስ ከተማ በ2019 ያወጣው የሕመም ፈቃድ ደንብ እንኳ በቀጣዩ ዓመት በፌዴራል ፍርድ ቤት ታገደ።

ስለዚህ ገናም ጥምቀትም ከግል ኮታ ይቀነሳሉ፤ ለቅሶና ሰርግ የድርሻቸውን ይወስዳሉ። የቀረው ለአገር ቤት ጉዞ ይጠራቀማል፤ ያም ሻንጣ ሙሉ ስጦታና የዘመድ ጥየቃ እንጂ ዕረፍት አይደለም። «ደክሞኛልና ልረፍ» ብሎ አለቃን መጠየቅ ብዙዎቻችንን ያሳፍራል፤ በዓል ወይም ሐዘን ያላዘዘው ዕረፍት ስንፍና ይመስለናልና። አሠሪው ደግሞ ዝምታችንን እንደ ትጋት ይቆጥረዋል።

አንድ መሣሪያ ግን አለ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ልማድ እንዲያስተናግድ ያዝዛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 በግሮፍና ዲጆይ ክርክር፣ አሠሪው እምቢ ለማለት በሥራው ላይ ከባድ ጫና መድረሱን ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። ሆኖም ሕጉ ደመወዝ አያስከፍልም፤ ከ15 ሠራተኛ በታች ያለውን ድርጅት አይነካም፤ በግል ውል የሚሠራውን ሾፌርም አይሸፍንም።

እንግዲህ «ወገናችን ማረፍ አያውቅም» የሚለው ወቀሳ ግማሽ እውነት ነው። ማረፍ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን በጋራ ማረፍን ነው። መፍትሔውም በጋራ ቢጀመር ይበጃል፦ ማኅበራትና አብያተ እምነት የዓመቱን በዓላት ዝርዝር አስቀድመው ለአሠሪዎች ቢያቀርቡ፣ በዓሉ ከዓመት ፈቃዱ ተለይቶ እንዲቆጠርም ቢደራደሩ፣ ለየብቻ ከመለመን ያድነናል። የ1966ቱ ሰልፈኞችም ያገኙት አንድ ላይ ስለጠየቁ ነበር።