የሕመም ምልክት የዕለት መዝገብና የአለርጂ መንሥኤ ፍለጋ፦ ከቦስቶክ እስከ ብላክሊ

በአለርጂ የሚሠቃይን ታካሚ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ሕመሙ መቼ ጀመረዎት? የት ነበሩ? ምን በልተው ነበር?» እያለ ነው። ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ በመሆኑ፣ ታካሚው ክሊኒክ በሚደርስበት ጊዜ ምልክቱ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል፤ ቀናቱንም በትክክል ማስታወስ ያዳግታል። የዕለት መዝገብ እንዲያዝ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በመዝገቡ ላይ ምን መስፈር እንዳለበት ጠንቅቆ ለመረዳት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዷል። የሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

ዶክተር ጆን ቦስቶክ እ.ኤ.አ. በ1819 ለለንደን የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ማኅበር የአንድ በሽተኛ ታሪክ አቀረቡ። በሽተኛው እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ ወር ገደማ ዓይናቸው ይቀላል፣ ያሳክካቸዋል፣ በተደጋጋሚ ያስነጥሳቸዋል፣ ደረታቸውም ይጨነቃል። የምልክቶቹን ቅደም ተከተልና ወቅት በጥንቃቄ የመዘገቡት ቦስቶክ፣ እ.ኤ.አ. በ1828 ደግሞ የሌሎች ሕሙማንን ታሪክ አሰባስበው አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ሕመሙን ከታጨደ ሣር ጋር ያያይዘው ነበር፤ ቦስቶክ ግን ይህን ሳይቀበሉ መንሥኤው የወቅቱ ሙቀት ነው አሉ። በባሕር ዳርቻዋ በራምስጌት ሲቀመጡ ሕመሙ ቀለል ይልላቸው ስለነበር ግምታቸው የተረጋገጠ መሰላቸው። ነገር ግን የባሕር ነፋስ የሚያመጣው ቅዝቃዜን ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው የአበባ ብናኝም አነስተኛ ነው። መዝገባቸው ስለ ሕመሙ ብዙ ቢናገርም፣ በየዕለቱ በአየር ውስጥ ስላለው ነገር ምንም የሚለው ስላልነበረ ሁለቱን ግምቶች ለመለየት አላስቻለም።

ይህን ክፍተት የሞሉት በማንቸስተር ይሠሩ የነበሩትና የዚሁ ሕመም ተጠቂ የሆኑት ዶክተር ቻርልስ ብላክሊ ናቸው። ብላክሊ ሙቀትን፣ ብርሃንን፣ ኦዞንን፣ አቧራንና ልዩ ልዩ ሽታዎችን አንድ በአንድ መረመሩ። ቀጥሎም በሚያጣብቅ ፈሳሽ የተቀባ መስተዋት ለ24 ሰዓት አየር ላይ እያስቀመጡ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ያረፈውን የአበባ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ቈጠሩ። የቈጠራው ውጤት ከሕመማቸው መበርታትና መቅለል ጋር ጐን ለጐን ሲታይ፣ ሁለቱ አብረው ሲጨምሩና ሲቀንሱ ተገኙ።

ብላክሊ በዚህ ብቻ አልረኩም። ሁለት ነገሮች አብረው መከሠታቸው አንዱ የሌላው መንሥኤ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ በመገንዘብ፣ ሕመሙ በማይነሣበት ወቅት ብናኝ ወደ አፍንጫቸው አስገብተው ምልክቶቹ ሲመለሱ አዩ፤ ቈዳቸውን በትንሹ ፍቀው ብናኝ በማድረግም እብጠቱን ተመለከቱ። ይህም ዛሬ ለምንጠቀምበት የቈዳ ምርመራ ፈር ቀዳጅ ሆነ። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1873 በመጽሐፍ አወጡ። «አለርጂ» የሚለውን ቃል ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የፈጠሩት ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን፣ ሌናርድ ኑን ደግሞ የሣር ብናኝ ውህድ በመርፌ በመስጠት የተገኘውን የሕክምና ውጤት እ.ኤ.አ. በ1911 አስታወቁ።

ከዚህ ታሪክ ለዕለት ተዕለት ሥራችን የሚጠቅም ትምህርት እናገኛለን። ታካሚው «ዛሬ አስነጠሰኝ» ብሎ መጻፉ ብቻውን በቂ አይደለም። በአንድ ዓምድ የምልክቱ ዓይነት፣ ሰዓቱና ክብደቱ፣ በሌላው ዓምድ ደግሞ የተበላው ምግብ፣ የተወሰደው መድኃኒት፣ የተዋለበት ስፍራና የአየሩ ጠባይ ሊሰፍሩ ይገባል። ሕመም ያልታየባቸው ቀናትም እንዲሁ ካልተመዘገቡ ማነጻጸሪያ አይኖርም። መዝገቡ የሚሰጠው ጥርጣሬን ነው፤ ጥርጣሬውን የሚያጣራው የሐኪሙ ምርመራ ነው። ታካሚው በመዝገቡ ብቻ ተመርቶ ብዙ የምግብ ዓይነቶችን ቢተው ለምግብ እጥረት ሊዳረግ ይችላል። ከዚህ ቀደም የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ያጋጠመው ሰውም የጠረጠረውን ነገር በቤቱ እንዳይሞክር በጥብቅ ሊነገረው ይገባል።

ደብተርና እርሳስ የትም ይገኛሉ። የላቦራቶሪ ምርመራ በቀላሉ በማይገኝበት ጤና ጣቢያም ቢሆን፣ በሚገባ የተያዘ መዝገብ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ ይመራዋል።