የቅበላውን በሬ ማን ተካፈለው?

ነገሩ የተነሣው በጨዋታ ነው። የነነዌ ጾም ሰሞን ከካፌው ደጃፍ ተቀምጠን ሽሯችንን ስንበላ ስለ ቅበላ ወሬ ተነሣ፤ ወዲያው ክርክር ሆነ። የጎጃሙ ልጅ ያለ እርጎና ያለ ለጋ ቅቤ ቅበላ አይባልም አለ። የጉራጌው ልጅ «ክትፎና ቆጮ ያልቀረበበት ምኑ ቅበላ ነው?» ብሎ መለሰለት። የዓጋሜው ልጅ ጥሕሎውን ጠራ፤ የሰላሌዋ ልጅ የእናቷን ጭኮ አነሣች። የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ ቅርጫና ዶሮ ወጥ አሉ። ሁላችንም የአገራችንን ሞሰብ ስናወድስ በባዶ ሆድ ምራቃችንን ዋጥን።

ዝም ብሎ ሲሰማ የቆየው የምዕራብ ሸዋው ጓደኛችን ግን «እኛ ቤት ቅበላ ማለት ለጌታው ቅቤ የሚወሰድበት ቀን ነበር፤ አያቴ እንዲህ ናቸው የሚሉኝ» አለ። ጨዋታው ቆመ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ማን ከማን ጋር ተዋጋ፣ ማን መቼ ነገሠ የሚለውን ስናጠና እንከርማለን። የጾም ዋዜማ ማታ በማን ቤት ምን ተበላ ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም። ሆኖም የአንድ ዘመን ሰው ማን እንደ ነበረ ከጦር ሜዳው ይልቅ ከገበታው ይበልጥ የሚታይበት ጊዜ አለ።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ቅበላ መቀበል ነው፤ እንግዳ በደጅ እንደሚቀበሉት ጾሙን መቀበል። የጾም መያዣ የሚሉትም አሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነካበትም። ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል፤ ስለዚህ ዋናው ቅበላ እሑድ፣ ዘወረደ በምትባለው ሰንበት ላይ ይውላል። ቀኑ ግን በባሕረ ሐሳብ ቀመር ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል፤ ጾሙ ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድማ የሦስት ቀኗ ጾመ ነነዌ ትመጣለች። ነነዌ ለባለትዳር ቤት ደወል ናት። ሰርግ የቀረው ቶሎ ይደግስ፤ ዕዳ ያለበት ይክፈል፤ በሬ የሚገዛ ገበያ ይውጣ ትላለች። እናቶች ደግሞ ሰዉ ገና ሥጋ ሲያላምጥ የጾሙን ድስት ለብቻው አጥበው ያስቀምጣሉ፤ ስልጆውን ይጥላሉ፤ ሱፉንና ተልባውን ያዘጋጃሉ። ቅበላ የወንዶቹ ድግስ ቢመስልም ሁለት ኩሽና በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱት ሴቶቹ ናቸው።

ይህ ሥርዓት ትናንት የመጣ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ይደነግጋል። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በአገራችን የኖረው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የእኛ ጾም ከእነሱ ጾም ቀድሞ እንደሚገባ አስተውሎ ጽፏል። ሕዝቡ በእንጀራና በውሃ ሲጾም ማየቱም አስደንቆታል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የመጣ እንግዳ ያየው ጾም ዛሬም የአያቶቻችን ጾም ነው።

በየአገሩ የሚቀርበው ምግብ ለምን ይለያያል? መልሱ ቀላል ነው፤ ሰው ቅበላን የሚቀበለው ጓዳው ባለው ነገር ነው። እንሰት በሚተከልበት አገር ክትፎው በቆጮ ይበላል፤ አይቡ ከጎመን ጋር ይቀርባል። ገብስ በሚበቅልበት ደጋ ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ በቅቤ ይታሻል፤ ጭኮ ይሆናል። በዓጋሜ ያው ገብስ ጥሕሎ ሆኖ እየተጠቀለለ ከሥጋ ወጥ ይነከራል። ማር ባለበት ጠጅ፣ ጌሾና ብቅል ባለበት ጠላ ይጠመቃል። ወሎ ላይ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ የሌላውን እርድ ባይበላም ወተቱ፣ ቅቤውና ማሩ አጥር አያግደውም። የሁሉም መሠረት ግን አንድ ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን የማይቆየው ነገር ሁሉ መጨረስ አለበት። የተረፈው ሥጋ ቋንጣ ይሆናል፤ በጾሙ የሚታለበው ወተት ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። በዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዞች ጾማቸው ሊገባ ሲል ማክሰኞ ዕለት እንቁላላቸውንና ቅቤያቸውን በፓንኬክ ይጨርሳሉ። ሩሲያውያንም ሥጋውን አስቀድመው ትተው የመጨረሻዋን ሳምንት በቅቤና በብሊኒ ያሳልፋሉ። የጾም ዋዜማ የትም አገር የጓዳ ቆጠራ ነው።

እንግዲህ ጓዳ የሚቆጠር ከሆነ «የማን ጓዳ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ የጓደኛችን ነገር ይመጣል።

አገራችን በሬን የምትካፈልባቸው ሁለት ሥርዓቶች ነበሯት። አንደኛው ቅርጫ ነው። ጎረቤታሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከብት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ገበያ ወጥተው በሬውን ይመርጣሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ይታረዳል። ከዚያ ቅጠል ይነጠፍና ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል። ሽንጡ ለአንዱ፣ ወርቹ ለሌላው አይባልም፤ ከሁሉም ብልት በየመደቡ ትንሽ ትንሽ ይገባል። በመጨረሻ ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ አንድ ምልክት፣ ስንጥርም ሆነ ቁልፍ ወይም ጠጠር፣ ይሰጣል፤ የማን ምልክት እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። የደረሰህ ደረሰህ! ቆዳው ይሸጥና ሒሳቡ ይዘጋል። ቅርጫ ላይ ሹመት የለም፤ መምህሩም ሸማኔውም እኩል ከፍሎ እኩል ይወስዳል።

ሁለተኛው ግብር ነው። በነገሥታቱና በመኳንንቱ አዳራሽ ሥጋ የሚከፋፈለው በዕጣ ሳይሆን በማዕረግ ነበር። ሥርዓተ ግብር የሚባለው የቤተ መንግሥት ጽሑፍ የትኛው ብልት ለየትኛው ባለሥልጣን እንደሚደርስ እስከ መዘርዘር ይደርሳል። ሰዉ ወደ አዳራሹ የሚገባው በተራ፣ የሚቀመጠውም በደረጃ ነበር፤ ለከፍተኛው ጠጅ፣ ለዝቅተኛው ጠላ። የአዳራሹ በሬ፣ ማርና ቅቤ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ ከገባሩ ቤት የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ራሱ የጾሙ ስም ይመሰክራል። ሕዝቡ ዐቢይ ጾምን ሁዳዴ ይለዋል። ሁዳድ ማለት ገባሩ ያለ ዋጋ እያረሰ፣ እያረመና እያጨደ ለጌታው የሚያስገባው ሰፊ እርሻ ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ስሙን ሲያፍታቱ ከዚሁ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ሁሉም ወጥቶ የሚሠራው የንጉሥ እርሻ እንደ ሆነ ሁሉ ይህም ሁሉም የሚጾመው የንጉሥ የክርስቶስ ጾም ነው ይላሉ። የመጀመሪያዋ ሳምንት ጾመ ሕርቃል የምትባለው ደግሞ በቢዛንታዩ ንጉሥ በሕርቃል ስም ነው። ፋርሶች በ614 ኢየሩሳሌምን ይዘው መስቀሉን ማረኩ፤ ሕርቃል በ630 ገደማ መለሰው። በትውፊቱ እንደሚነገረው ንጉሡ ባፈሰሰው ደም ሲጨነቅ ምእመናኑ የጾሙን ዕዳ ተካፍለው ጾሙለት። መንፈሳዊ ትርጓሜውን ለመምህራኑ እንተወውና የታሪክ ተማሪ አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። የንጉሥን ዕዳ የመሸከም ነገር በዚህ አገር ገበሬ ጆሮ እንግዳ አልነበረም።

የጓደኛችን አያት የሚሉትም ይህንኑ ነው። ልጅ ሳሉ አባታቸው እኩል አራሽ ጭሰኛ ነበሩ፤ የምርቱን ግማሽ ለባለ መሬቱ ይሰጣሉ። ከዚያ ውጭ ደግሞ የበዓል እጅ መንሻ አለ። ቅበላ ሲደርስ እናታቸው ሳምንት ሙሉ የናጡትን ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ወደ ጌታው ግቢ ይዘው ይሄዳሉ፤ የሴት ልጅ ድርሻ መከተል ነው። «ሽታው ይበቃናል እንል ነበር» አሉት አያቱ። ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ገንፎ ነው፤ መሐሉ ላይ የምትፈስ ቅቤ ግን ከቅሉ ጥግ የተፋቀችው ብቻ ናት። ለእነርሱ ቅበላና ጾም የሚለያየው በአንድ ማንኪያ ቅቤ ነበር።

ሆድ የታሪክ መዝገብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከ1880 እስከ 1884 በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጀው። አፄ ምኒልክ ሕዝቡን ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ለማረሻ የሚጠመድ በሬ በሌለበት አገር ለቅበላ የሚታረድ በሬ ከየት ይመጣል? ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የዐድዋ ዘመቻ ሆነ። ቀመሩን ብናወጣው የ1888 ቅበላ የካቲት 2 ይውላል፤ ያን ዕለት ሠራዊቱ ስንቁ እየመነመነ ትግራይ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። የካቲት 23 ድል ያደረገው ሕዝብ ሦስተኛውን የጾም ሳምንት እየፈጸመ የነበረ ሕዝብ ነው።

የ1929 ደግሞ ከዚህ ከስድስት ኪሎ ግቢ ጋር ይገናኛል። የካቲት 12 ቀን ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሰዉን የሰበሰበው ዛሬ በምንማርበት በገነተ ልዑል ግቢ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ፋሺስቶቹም ሦስት ቀን ሕዝቡን ፈጁ። ፍጅቱ እሑድ አለፈ፤ በማግስቱ ሰኞ የካቲት 15 ጾመ ነነዌ ገባ። ቅበላው የካቲት 28 ነበር። በዚያ እሑድ በአዲስ አበባ ስንቱ ቤት ለቅበላ፣ ስንቱ ቤት ለተዝካር እንደ ተቀመጠ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ወደ 1966 እንምጣ። ወሎና ትግራይ በረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አጥተዋል። ቅበላ እሑድ የካቲት 10 ዋለ። በማግስቱ ሰኞ፣ ሁዳዴ በገባበት ዕለት፣ የአዲስ አበባ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የየካቲት አብዮት ፈነዳ። ይህን ያለ ትርጉም የገጠመ አጋጣሚ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኛም ጾሙ አብዮት አስነሣ አላልንም። ነገር ግን አንዱ ወገን እስኪጠግብ ቀብሎ ሌላው ከዓመት ዓመት የሚጾምበት አገር መጨረሻው ምን እንደ ሆነ የቀን መቁጠሪያው ራሱ የጻፈው ይመስላል።

በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ሁዳድም ቀረ። ቅበላ በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ የካቲት 30 ነበር። አያቱን «የዚያን ዓመት ቅበላስ?» ብሎ እንዲጠይቅልን ጓደኛችንን ላክነው። መልሱን ይዞ መጣ፤ «አዋጁን በደንብ አልሰማነውም ነበር። ብቻ አባቴ ቅቤውን አትውሰጂ ብሎ እናቴን ከለከላት። እናቴ ፈርታ ቅሉን እስከ ማታ አቅፋ ተቀመጠች። ማታ ነው የበላነው።»

እነሆ አንድ አዋጅ አንድ ቤት ሲገባ ይህን ይመስላል። ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ዘግተን ደስ ብሎን እንዳንሄድ ሐቁ አይፈቅድልንም። መሬቱ የሕዝብ ከተባለ በኋላም በ1977 ረሃቡ በባሰ መልክ ተመለሰ። ዛሬም በቅበላ እሑድ በከተማው ሥጋ ቤቶች ደጃፍ ሰልፍ ሲረዝም፣ ከሰልፉ ጎን እጁን የሚዘረጋ አለ። በሬውን ማን ተካፈለው የሚለው ጥያቄ ገና አላለቀም።

ጓዶች፣ መጪው ቅበላ ሩቅ አይደለም። ቤታችሁ የምትሄዱ ሁሉ ከመብላታችሁ በፊት፣ ኧረ ከበላችሁም በኋላ ይሁን፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ። በልጅነታችሁ በቅበላ ምን ይበላ ነበር? ከማን ቤት መጣ? ወደ ማን ቤት ሄደ? በሉ። የነገሥታቱን ግብር ጸሐፊ ጽፎታል፤ የቅቤዋን ቅል እስከ ማታ አቅፈው የተቀመጡትን እናት ግን ከእኛ በቀር የሚጽፍላቸው የለም። የምትሰሙትን ይዛችሁልን ኑ፤ በእኛ በኩል ሽሮው አይጠፋም።