ማሞ ቂሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ

እናቴ አምና ከደብረ ብርሃን መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኛ ጋር ከርማ ነበር። አንድ ምሽት እኔ ለሌሊት ተረኛነት ልብሴን ስቀይር፣ እሷ የሰባት ዓመት ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ «ተረት ተረት» አለችው። ልጁ ዝም ብሎ አያት። ደግማ አለችው። «የላም በረት» ብሎ መመለስ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ተረት በሚነገርበት ሰዓት ግን እኔ ዘወትር ሥራ ላይ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ከጓደኛዬ ቤት አንድ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ተውሼ አመጣሁ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የማሞ ቂሎ ተረት ነው። ማሞን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተመከረውን ሁሉ ይፈጽማል፣ ነገር ግን የትናንቱን ምክር ለዛሬው ጉዳይ ያውለዋል። እናቴ አማርኛውን ስታነብ ልጄ እንግሊዝኛውን እየተከተለ ቀድሟት ይስቅ ጀመር። ለዘንድሮው መጽሔታችን የደራሲውን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ነው።

ደራሲው አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው፤ እሱም በውሰት ያገኙት የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። በደርግ ዘመን በፖለቲካ ምክንያት ተሰደው አሜሪካ ገቡ። ተምረውም በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመረቁና በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። መደርደሪያው ላይ የብዙ አገር ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ነበራቸው። በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፈ ግን አንድም አልነበረም። «ማሞ ቂሎ»ን በሁለት ቋንቋ ያዘጋጁት ይህን ክፍተት አይተው ነው።

ለልጆች የጻፈና የተረከ ሰው ከእሳቸው በፊት አልነበረንም ማለቴ አይደለም። ከእኛው ከደብረ ብርሃን አካባቢ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው የአገራችንንም የባሕር ማዶንም ምሳሌዎች ለተማሪ በሚጥም አማርኛ አቅርበዋል። ወላጆቻችን ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ማንበብን ያጣጣሙት በእነዚህ መጻሕፍት ነው። ባሌ ተወልደው በቴአትር መድረክ ያደጉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንስቶ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩን ኖረዋል። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እዚህም ያለነው እንደ ቅርብ ዘመድ አዝነናል።

አቶ ዮሐንስ የጨመሩት ነገር ልጁ ራሱ ገብቶ መጽሐፍ የሚያነሣበትን ቤት ነው። በኢትዮጵያ ማጂ ያደገችውና የአገራችንን ተረቶች ለአሜሪካ ልጆች የጻፈችው ደራሲ ጄን ከርትዝ አገዘቻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ከመጽሐፉ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብም ለሥራው ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተደላደለ ሥራቸውን ትተው፣ ከሳን ፍራንሲስኮ የተለገሱ 15,000 መጻሕፍት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1995 ዓ.ም.፣ ሾላ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ቀጥሎም በሐዋሳ መጻሕፍት የጫነ ጋሪ በአህያ እየተጎተተ ልጆች ወዳሉበት መሄድ ጀመረ። ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። እኔን ከሽልማቱ ይልቅ የነካኝ ጋሪው ነው። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ ማለት ነው።

የቤተ መጻሕፍት በር በራሱ እንደማይከፈት እዚሁ አጠገባችን ያለ ታሪክም ያስተምረናል። እኔ የምሠራው አሌክሳንድሪያ ነው። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ገብተው የአባልነት ካርድ ጠየቁ። ለጥቁር አይሰጥም ተባሉ። እያንዳንዳቸው መጽሐፍ አንሥተው ዝም ብለው ማንበብ ያዙ፤ ፖሊስ መጥቶ አሰራቸው። ነገሩን ያቀናጀው ወጣቱ ጠበቃ ሳሙኤል ተከር ነበር። ከተማዋ በማግሥቱ ዓመት ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ሌላ ቤተ መጻሕፍት ከፈተች፤ ተከር ግን በዚያ አልረካም፤ የጠየቀው በዋናው በር መግባትን ነበርና። ዛሬ የዚያችው ከተማ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ማስታወቂያ በአማርኛም ይልካሉ። ይህ ሌሎች ታስረው ያስከፈቱት በር ነው። እኛ ልጆቻችንን ይዘን ካልገባንበት ጥፋቱ የማንም አይደለም።

አሁን ወደ ማኅበራችን ጉዳይ ልመለስ። በስብሰባዎቻችን ገንዘቡ ለምን ይዋል ሲባል፣ ነርስ ነኝና እጄን የማወጣው ሁልጊዜ ለሕክምና ዕቃ ነው። አሁንም ቢሆን የሕክምና ዕቃው ይቅር አልልም። ዘንድሮ ግን ሁለት ነገር እንድንጨምር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ በከተማችን ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ አንዲት ክፍል ለልጆች ማንበቢያ እንድትሆን ማገዝ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ አይፈልግም፤ እያንዳንዳችን ከእናት፣ ከአባት፣ ከአያት አንድ አንድ ተረት በስልክ ቀርፀን እንጻፍ፣ ልጆቻችን ደግሞ እንግሊዝኛውን ይጻፉልን። ከዚያ ተሰብስቦ በሁለት ቋንቋ ይታተም፤ እዚህም እዚያም ይነበብ። ተራኪዎቹ አርጅተዋል፤ ለከርሞ የምናሳድረው ሥራ አይደለም።

እኔ ጀምሬአለሁ። እናቴ ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ፣ ቅዳሜ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ሳልተኛ እደውልላታለሁ። እዚህ ረፋድ ሲሆን ደብረ ብርሃን ይመሻል፤ የተረት ሰዓት ነው። «ተረት ተረት» ስትል ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ይመልስላታል።